የአያ አንለይ ሁለተኛው ዓይን

ሰኞ ሐምሌ 13 ቀን 2001 ዓ.ም.፣ ፍኖተ ሰላም፣ ጠዋት 4፡00

ጣራው ዛሬም ያፈሳል። ከመዝገብ ቤቱ ሦስተኛ መደርደሪያ ፋይሎቹን አውርጄ ባልዲ ደቅኛለሁ። የጽ/ቤት ኃላፊው አየ። ደብዳቤ ይጻፍበት አለና አለፈ። ባልዲው የራሴ ነው፣ ከቤት ያመጣሁት።

ሰናይት ቅዳሜ ከአዲስ አበባ ገባች። ከስታለች። ጥፍሮቿ ሥር ሰማያዊ ቀለም። ሻንጣዋ ውስጥ ልብስ ሦስት፣ ወረቀት አንድ ሸክም።

ላንተ ካልነገርኩ ለማን ልንገር። አንተ ከአገልግሎት ውጭ የሆንክ የገቢ ደብዳቤ መዝገብ ነህ። «ከማን የመጣ» እና «ጉዳዩ» የሚሉት ዓምዶችህ ገና አሉ። ስለዚህ ጉዳዩ፦ ልጄ ሰናይት።

አምና መንግሥት ባሕር ዳር አካውንቲንግ መደባት። ምግብ አለ፣ መኝታ አለ፣ ሲመረቁ ሥራ አለ። ጥላው ሄደች። አዲስ አበባ፣ የግል ሥነ ጥበብ ኮሌጅ። የመጀመሪያውን ዓመት የከፈልኩት ከሟቹ አባቷ የጡረታ ውዝፍ ነው። ውዝፉ አለቀ። ሦስት ዓመት ይቀራታል።

ጎረቤቴ ወ/ሮ ብርቄ ትናንት መጣች። ስትጨርስ ምን ትባላለች አለችኝ። ሠዓሊ አልኳት። ያ የቡና ቤቱን ግድግዳ የቀባው ልጅ ስድስተኛ ክፍል አልጨረሰ፣ ያንቺ ልጅ አራት ዓመት ተምራ እሱን ነው የምትሆነው? አለችኝ። ሻይ ቀዳሁላት።

ከሁሉ የሚያናድደኝ፣ እኔም ጥያቄውን ጠይቄው አውቃለሁ። በነዚያው ቃላት።

ቅዳሜ ሐምሌ 18፣ ከሰዓት

አያ አንለይ መጣ። የባሌ ታላቅ ወንድም፣ ዋርሳዬ። ፊት ለፊት አንቱ እለዋለሁ። እዚህ ግን ደክሞኛል፣ «አለ» ብዬ ነው የምጽፈው። ከቡሬ ወጣ ብሎ በሽንዲ መንገድ ላይ ያለችው ቀበሌያቸው ውስጥ የሚኖር በርበሬ ነጋዴ ነው። የአገሩ በርበሬ በሱ ሚዛን ያልፋል። ግራ ዓይኑ ላይ ነጭ ብልዝ አለበት። ልጅ ሆኖ አውድማ ላይ ገለባ ወግቶት ነው ይባላል። ሰው ሲያይ አንገቱን ትንሽ ያዞራል።

የተማርሽውን አሳዪኝ አላት። ወረቀቶቿን ዘረጋች። እጅ። እጅ። እጅ። የሽማግሌ እጅ፣ ሽንኩርት የሚልጥ እጅ።

«ሰውዬው የት ሄደ?» አለ።

መጀመሪያ እጅ ነው የምንማረው አለችው። ዓመት ሙሉ? ዓመት ሙሉ። እኔን አየኝ። በጥሩው ዓይኑ። ወለሉ ቢውጠኝ ደስ ባለኝ።

ቀጥሎ የመጣበትን ተናገረ። አምና ታሞ ነበር። ቢድን ለቀበሌያቸው ሩፋኤል ሥዕል ሊያስገባ ስለት ተስሏል። መሪጌታ ልሳነወርቅ የሚባሉ ሠዓሊ ከፈረስ ቤት ከተማ መጥተው መልአኩን ጀምረዋል፣ ለጳጉሜ 3 ይደርሳል። እንደ ልማዱ ከመልአኩ እግር ሥር ተሳዩ ተንበርክኮ ይሣላል፣ ስሙም ይጻፋል። ችግሩ መሪጌታ ሰው ሁሉ አንድ መልክ ነው የሚያደርጉት። እጃቸውም ተንቀጠቀጠ። አያ አንለይ ቁርጥ ራሱን መሆን ይፈልጋል። ስለዚህ እሱን ሰናይት ትሥራው። ሰው ሁሉ «ይሄማ አንለይ ነው» ካለ የዓመቱን ትምህርት ሙሉውን ይከፍላል። ካላለ፣ ያው፣ አካውንቲንግ አለ።

ሰናይት ወዲያው እሺ አለች። አትጠይቅ፣ አታስብ። እሺ።

ሐሙስ ነሐሴ 7፣ አያ አንለይ ቤት

የዓመት ፈቃዴን ለዚህ አወጣሁት። እስከ ቡሬ በሚኒባስ፣ ከዚያ በጋሪ፣ የመጨረሻውን በእግር ጭቃ ለጭቃ። ፍልሰታ ነው። ጾም፣ ዝናብ፣ ቁንጫ።

ሥዕሉ የሚሠራው ጎተራው አጠገብ ባለው ክፍል ነው፣ በጨርቅ ላይ። ሲያልቅ ተጠቅልሎ ሄዶ መቅደሱ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። መልአኩ ወደ ማለቁ ነው። ያምራል። ዓይኖቹ እንደ ጀበና ክዳን ክብ ናቸው።

የደብሩ ገበዝ መጡ። ሴት ልትሥል ነው አሉ፣ ደስ ሳይላቸው። መሪጌታ ከብሩሻቸው ቀና ሳይሉ መለሱ፦

«መልአኩን እኔ ጨርሻለሁ። የቀረው ሰው ነው። ሰውንማ ሴት አይደለች የምትሠራው?»

ገበዙ ሳቁ። ተፈቀደ።

መሪጌታን ትምህርታቸው ስንት እንደፈጀ ጠየቅኋቸው። አሥራ አንድ ዓመት። ለመምህራቸው እንጨት ለቅመው፣ ቀለም ፈጭተው፣ ማሳ ጠብቀው። ብሩሽ የያዙት በአምስተኛው ዓመት ነው። ገንዘብ? ሳቁ። ጉልበታቸውን ከፈሉ። ወረቀት የሚሰጥ የለም፤ ወረቀት የሚጠይቅም የለም። እኔ ደግሞ ወረቀት እንድታገኝ ነው የምከፍለው። ወረቀቱን ማን እንደሚጠይቃት አላውቅም።

ኮሌጅ ምን ይሏችኋል ብለው ሰናይትን ጠየቋት። እያያችሁ ሥሩ ነው የሚሉን አለች።

«እኛ ሳናይ ነው የምንሠራው» አሉ። «መልአክ ቁጭ አይልልሽም።»

ሁለቱም ተሳሳቁ። እኔ ብቻ ነኝ ያልሳቅሁ። ነሐሴ እየሄደ ነው።

ማክሰኞ ነሐሴ 19

ፍልሰታ ተፈታ። መሪጌታ የእህታቸው ተዝካር አለና ፈረስ ቤት ሄዱ። ለጳጉሜ 3 እመለሳለሁ ብለዋል። እዚህ ማን ቀረ? እኔ፣ ሰናይትና አንድ ደቂቃ ቁጭ ማለት የማይችል ሰው።

ስልኩ ይጮኻል። ይነሳል። ገበሬ ይመጣል። ይነሳል። ሰናይት ኡፍ አትል። ሲመለስ ካቆመችበት ትቀጥላለች። ትዕግሥቷ ከየት እንደመጣ አላውቅም፤ ከኔ አይደለም።

ሥራዋን ሊያይ አይፈልግም። ስለቴ ሳይገባ አላየውም ብሏል። ጥሩ።

ረቂቆቿን አየሁ። ከፊት ለፊት የሠራችው አንድ አለ። ቁርጥ እሱ። ከነብልዙ። ነጩ እንደ እንቁላል ፈጥጧል። ደነገጥኩ። የሚከፍለውን ሰው ጉድለት በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ለዘለዓለም ልትለጥፍ ነው!

ወደ ውጭ ጠራኋት። ዓይኑን ሰውሪለት አልኳት። ብልዙን ጥሩ ዓይን አድርጌ ልሥራው? አለች። አይሆንም አልኳት፣ ያኔ እሱ አይሆንም። ታዲያ? በቀኙ በኩል አድርጊው፣ በጎን፣ መልአኩን ቀና ብሎ እያየ። አሰበች። ያምራል አለች። ቀኝ ጎኑ ጥሩ ነው፣ አፍንጫውም ይወጣል።

በራሴ ኮራሁ። እውነቱን ልጻፍ፤ በጣም ኮራሁ።

ረቡዕ ነሐሴ 27

ጨረሰች። አየሁት።

ተንበርክኳል። ጋቢው ትከሻው ላይ። አፍንጫው ያ የቤታቸው አፍንጫ። አንገቱ ላይ ያለው እጥፋት። እጆቹ (ያ ሁሉ የእጅ ወረቀት ለዚህ ነበር ማለት ነው) ሚዛን ሲይዝ እንደሚያደርገው ጣቶቹን አቆራኝቷል። ባሌ በሕይወት እያለ ከዚህ ጎን ነበር የማየው፣ ማዕድ ላይ። ስድስት ዓመት ሆነው። ትንሽ ቆሜ አየሁት።

ሰናይት እንዴት ነው አለችኝ። ጥሩ ነው አልኩ። ሌላ ምን ይባላል። ምዝገባው መቼ እንደሆነ ጠየቅኋት። መስከረም 12።

ማክሰኞ ጳጉሜ 3፣ ሩፋኤል

ቶሎ ልጻፈው።

ዝናብ ነበር። የሩፋኤል ዝናብ ነው ብለው ሰዎቹ እጃቸውን እየዘረጉ ፊታቸውን ያብሳሉ። ቅዳሴው አልቆ ሕዝቡ ደጀ ሰላሙ ጥላ ሥር ተጠጋጋ። ሁለት ጎልማሶች ጨርቁን በፕላስቲክ ጠቅልለው አመጡ። ከላይ ጀምረው ዘረጉት። የመልአኩ ራስ። እልልታ። ክንፉ። እልልታ። ጦሩ። እግሩ። አያ አንለይ።

እልልታው ተቆረጠ።

መጀመሪያ አልገባኝም። አጠገቤ የነበሩት አሮጊት ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። «ምነው ልጆቼ፣ አንለይን ከነይሁዳ ቆጠራችሁት?»

ያኔ ገባኝ።

ላንተ እንኳ መጻፍ ያሳፍራል። በኛ አገር ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ጻድቅ ሁሉ ፊት ለፊት ነው፣ በሁለት ዓይኑ ያይሃል። በጎን የሚሣለው፣ አንድ ዓይን ብቻ የሚታየው፣ ይሁዳ ነው፤ ሰይጣን ነው፤ ጌታን የሚገርፈው ወታደር ነው። ማንም አያስተምርም፤ ሁሉም ያውቃል። አርባ ዓመት ከዚያ ግድግዳ ፊት ቆሜያለሁ። ሰማያዊ ቀለም ጥፍሯ ሥር ስላለ ሠዓሊ ናት፣ ታውቃለች አልኩ። እሷ ደግሞ እናቴ የአገሩ ሰው ናት፣ ታውቃለች ብላ ይሆናል።

ፈንታሁን የሚባል አለ፣ የአያ አንለይ አዋሳኝ፣ በሚዛኑ ጉዳይ ሁለቴ ተካሰዋል። ከኋላ ሆኖ ጮኸ፦

«ሁለተኛው ዓይኑስ?»

ራሱ መለሰ፦

«ሚዛኑን እየጠበቀ ነዋ!»

ሳቁ ከጥላ ወደ ጥላ ሄደ። ገበዙ ጎንበስ ብለው ሳቁን በሳል ለወጡት። መሪጌታ ከፈረስ ቤት ያን ጠዋት ደርሰዋል፣ ካባቸው ገና እርጥብ ነው። ጨርቁን አዩና «ምነው ልጄ፣ ብትጠብቂኝ» ብቻ አሉ።

አያ አንለይ ወደ ሰናይት ተጠጋ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፦

«አንድ ዓይኔን የት አደረግሽው?»

አልመለሰችም። እኔም አልመለስኩም። ይህን ሁለተኛውን አስምርበት።

ስእለት አይመለስምና ሥዕሉ ገባ። ተለጠፈ። መጋረጃውን ወዲያው ጣሉበት።

ሐሙስ ጳጉሜ 5፣ ፍኖተ ሰላም

ሁለት ቀን ሳንነጋገር ቆየን። ዛሬ ሳህን እያጠብኩ ፈነዳሁ። አዲስ አበባ ድረስ ሄደሽ፣ የአባትሽን ውዝፍ በልተሽ፣ እዚያ ደብር ጥግ የምትቀመጥ ለማኝ የምታውቀውን አታውቂም?

«አውቀው ነበር» አለች።

ምን?

የኢትዮጵያ ሥዕል ታሪክ የሚባል ኮርስ አለ። እዚያ ተምረነዋል። ፈተና ላይም ወጥቷል።

«መለስሽው?»

«አዎ። አግኝቻለሁ።»

ሳህኑን አስቀመጥኩት። ባላስቀምጠው ኖሮ ይሰበር ነበር። አየህ? ከፍዬ አስተማርኳት። የምናውቀውን መልሰው ሸጡልን። እሷም ገዝታ ፈተና ላይ ትታው መጣች! ታዲያ ሰውዬውን ስትሥይ የት ሄደ? አልኳት።

እሱን እያየሁ ነበር አለች። ሌላ ነገር አላሰብኩም።

በር ዘግቼ መዝገብ ቤት ሄድኩ። ዝግ ነው፣ የዓመት መለወጫ ዋዜማ። ደጃፉ ላይ ቆሜ ተመለስኩ።

አንድ ነገር። እናቴ ናት በጎን አድርጊ ያለችኝ ብላ ለማንም አልተናገረችም። ለኔ እንኳ አላነሳችውም። ያ ነው ይበልጥ ያናደደኝ።

ሰኞ መስከረም 4 ቀን 2002 ዓ.ም.፣ ምሳ ሰዓት

አያ አንለይና መሪጌታ አብረው መጡ። ሽማግሌ ይዞ መምጣት ማለት ነው። እንኳን አደረሳችሁ ተባባልን። ሰናይት ተነስታ ጉልበታቸውን ሳመች። ወንበር ሰጠሁ። ማንም እህል አልነካም።

አያ አንለይ አንገቱን አላዞረም። ቀጥ ብሎ አያት።

«ኮሌጅሽ ነው ወይ እንደዚህ ያስተማረሽ?»

አዎ ብትል ትምህርቱ አለቀለት። አይደለም ብትል ቀጣዩ ጥያቄ ታዲያ ማን ነው የሚል ነው። መሬት መሬት አየች። መሪጌታ ግን እሷን አይደለም የሚያዩት፤ እኔን ነው። እኚህ ሰው ሳያዩ ነው የሚሥሉት ያለው ማን ነው?

እኔ ነኝ አልኩ። ብልዝዎ እንዳይታይ ብዬ፣ በጎን አድርጊው ያልኳት እኔ ነኝ።

ጎረቤት ሬዲዮ ይዘፍናል።

«ብልዜን» አለ አያ አንለይ፣ «እናቴ ታውቀዋለች። ሚስቴ አውቃ ነው ያገባችኝ። በሬዬ እንኳ በየትኛው ጎኔ እንደሚያመልጥ ያውቃል። አንቺን ማን ደብቂልኝ አለሽ?»

የነበረኝን ሁሉ ቀድሜ ተናግሬያለሁ።

መሪጌታ ሊያስታርቁ ገቡ። አንድ ጠዋት ይበቃኛል፣ በላዩ ቀብቼ ሁለት ጥሩ ዓይን አደርግለታለሁ አሉ።

«እርስዎ ከሠሩት እኔ አልሆንም» አለ። «የፈረስ ቤቱንም የሽንዲውንም ተሳይ በአንድ ፊት ነው የሠሯቸው።»

መሪጌታ ተቀየሙ። «ፊት ምን ያደርጋል? ስሙ ተጽፎበታል!»

«ስም ያላነበበ ይበዛል፣ አባ።» ቀጠለ፣ ከሳቅና ከንዴት መሀል፦ «ፈንታሁን እንኳ አንለይ አይደለም አላለም። ዓይኑ የት ገባ አለ እንጂ። ከነስድቡ እኔ መሆኔን አውቋል።»

ያኔ ሰናይት አፏን ከፈተች። ይቅርታ አለች፣ በሥርዓቱ። ላስተካክለው እችላለሁ፤ ግን ዓይን መለጠፍ አይደለም፣ ፊቱ በሙሉ ይዞራል፣ ሁለት ሳምንት ይፈልጋል። ምዝገባው ስምንት ቀን ቀርቶታል። በጥር የመንፈቅ ዕረፍት አለኝ።

አያ አንለይ አሰበ። ሚዛን ላይ እንደሚያስበው፣ ከንፈሩን ነክሶ።

«አንድ ዓይን ሠርተሻል። የአንድ ዓይን እከፍላለሁ። መንፈቅ። ሁለተኛውን ስትጨምሪ ሁለተኛውን።»

መሪጌታ ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም፤ ግን ትከሻዬ ወረደ።

እዚህ ላይ ዝም ብትል ምን ነበረበት! አላለችም። የትኛውን ዓይን? ብላ ጠየቀችው። ብልዙን ነው ወይስ ጥሩ አድርጌ?

አያ አንለይ ግራ ዓይኑን በጋቢው ጫፍ ጠረገ። ያለቅሳል፣ ሁሌም ያለቅሳል፣ ከገለባው ጀምሮ። በጥር ይታያል አለና ተነሳ። ደጃፍ ሲደርስ አንገቱን አዞረብኝ።

ከሄዱ በኋላ ጮኽኩባት። ጥሩ ዓይን አርጊለትና ገንዘቡን ይልቀቅ! አንድ ጥቁር ነጥብ ነው! የግማሽ ዓመት ትምህርት በአንድ ጥቁር ነጥብ!

«አንቺ ነሽ እኮ ያኔ እሱ አይሆንም ያልሽኝ» አለች። ሳትጮኽ።

ብያለሁ። ነሐሴ 19። ገልጬ አየሁት፣ ተጽፏል። አንተም አንዳንዴ ዝም ብትል።

ቅዳሜ መስከረም 9፣ ጠዋት

ሄደች። የአሥራ ሁለት ሰዓቱ አውቶቡስ። ጥፍሯን አስፈትጌ ልኬያታለሁ፤ እስከ ማክሰኞ ነው የሚቆየው።

ወ/ሮ ብርቄ አጥሯ ላይ ሆና ሸኘቻት። የአንድ ዓይን ኮሌጅ ይሏታል መሰል በሰፈሩ። ከቡሬ ወሬው በሚኒባስ ነው የመጣው።

ስመዝን ሰነበትኩ። ያለወረቀት አሥራ አንድ ዓመት፣ ወይስ በወረቀት አራት ዓመት? ቡና ቤት የቀባው ልጅ በየወሩ ይበላል። አካውንታንቱ በየወሩ ይበላል። የኔ ልጅ ሰው እስኪሰደብበት ድረስ ሰውዬውን አድርጋ ሠራችው፤ የምታውቀውንም ረሳች። ለዚህ ስንት ይከፈላል? ለየትኛው ነው የከፈልኩት፣ ለሠራችው ወይስ ለረሳችው? አላወቅሁትም። የሚያውቅ ካለ በ«ከማን የመጣ» ዓምድ ላይ ይጻፍልኝ።

ጥር ላይ የሚሆነውን ግን አውቃለሁ። እሱ ጥሩ ዓይን ይላል። እሷ ብልዙን ትላለች። ወይም ደግሞ እሱ ብልዙን ይልና ሚስቱ አይሆንም ትላለች። የሁለተኛው መንፈቅ ገንዘብ እዚያ መጋረጃ ውስጥ አንድ ዓይኑን ከፍቶ ተንበርክኳል።

ስለ ዓይን ሁለተኛ አልመክርም። ይህ አንድ።

ሁለት። ቡሬ ያለው የባሌ ድርሻ መሬት በስሜ ነው። ስድስት ዓመት አያ አንለይ ምርቱን በእኩል ሊያካፍለኝ አርሶታል፣ ለዝምድና ብዬ። የሚገባኝን ከሰጠኝ ሁለት ዓመቱን ነው፤ አላነሳሁበትም። ፈንታሁን በኪራይ ስጪኝ ብሎ ሁለቴ ልኮብኛል። ሁለቴም አይነካም ብያለሁ። ቢሰማ አያ አንለይ ደጄን አይረግጥም። የባሌ ወገን ሁሉ አይረግጥም። ለቅሶዬ ላይ እንኳ ቆመው ነው የሚመለሱት።

ዛሬ ከሣጥን ሥር የይዞታ ደብተሩን አወጣሁት። አረንጓዴው ልባስ በአይጥ ጥርስ ጥጉ ላይ ተነክቷል፤ ስሜ ይነበባል። እስከ ጥር አልነካውም። ለሱ አልነገርኩም። ለሷም አልነገርኩም። ያኔ መንፈቁ ካልተከፈለና ፈንታሁን ሦስተኛ ከላከ ግን አይነካም አልለውም።

ደብተሩን እዚህ አንተ ውስጥ፣ ነሐሴ 19 ገጽ ላይ አስገብቼዋለሁ። ያዘው።